ለትራክተር ጎማ ውሃ ይበቃል፦ ጨው፣ አንቲፍሪዝና የተቃጠለ ዘይት ለሚመክር ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ አንድ ጽሑፍ አስነበበኝ። ወዳጄ ባሌ ውስጥ በትራክተር ኪራይ የሚተዳደር ሰው ነው። ጽሑፉን አምኖ ሁለት ኩንታል ጨው ሊገዛ ተነስቶ ነበር። ጨው በውሃ በጥብጦ የትራክተሩን የኋላ ጎማዎች ሊሞላ ማለት ነው። ያን ቀን ባላገኘው ኖሮ ገዝቶ ነበር። ይህን ምላሽ የምጽፈው ሌሎችም ሳይገዙ እንዲደርሳቸው ነው።

ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ትራክተር ማረሻ ሲጎትት ጎማው የሚንሸራተተው ክብደት ስለሚያንሰው ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም የእርሻ ትራክተር የኋላ ጎማው ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ውሃ ግን በክረምት ወደ በረዶ ስለሚለወጥ አይሆንም። በምትኩ ካልሺየም ክሎራይድ የሚባል ከጨው ዘር የሆነ ኬሚካል ይደረግ፤ እሱ ከጠፋ የምግብ ጨው ወይም አንቲፍሪዝ፣ ማለትም የራዲያተር ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ፈሳሽ። ገንዘብ ያጠረው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሙላ። ውጭ አገር ስኳር ከሚወጣበት ቀይ ሥር የሚገኝ ተረፈ ምርት ስለሚጠቀሙ እኛም የራሳችንን ሞላሰስ፣ ማለትም ከሸንኮራ ስኳር ሲመረት የሚተርፈውን ወፍራም ፈሳሽ፣ እንጠቀም። በመጨረሻም ጎማው አየር ሳይቀርበት ሙሉ በሙሉ ይሞላ።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ከፊሉም ትክክል ነው። ፈሳሽ ከብረት ክብደት በጣም ይረክሳል። ጎማው ውስጥ ስለሚቀመጥም አክስሉና ኩሽኔታው አይሸከሙትም፤ በቀጥታ መሬቱን ነው የሚጫነው። ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ደግሞ ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ይረጋጋል። በዚህ ሁሉ እስማማለሁ። የማልስማማው በቀረው ነው።

ከክረምቱ ልጀምር። ስህተቱ ሁሉ የመጣው ከዚያች ቃል ይመስለኛል።

ውጭ አገር በተጻፉ መመሪያዎች ላይ ያለው «ክረምት» የበረዶ ወቅት ነው። ሚኒሶታ ወይም ካናዳ ውስጥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል። ትራክተሩ በዚያ ብርድ ለሳምንታት ደጅ ይቆማል። እዚያ ጎማ ውስጥ ያለ ውሃ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ገበሬው ሌላ ፈሳሽ ቢፈልግ እውነቱን ነው። የኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። ሰኔና ሐምሌ ነው። ትራክተሩ ከማሳ የማይወጣበት፣ ጭቃ እንጂ ውሃ ወደ በረዶ የማይለወጥበት ወቅት ነው። ቃሉ ተተረጎመ፤ አየሩ ግን አብሮ አልመጣም።

«ውርጭስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አርሲና ባሌ ደጋው ላይ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ገብስና ባቄላ ያቃጠለበት ሰው በደንብ ያውቀዋል። ግን ውርጭ ቅጠል የሚያቃጥለው ቅጠል ስስ ስለሆነ ነው። ጎማ ውስጥ 300 ሊትር ውሃ አለ። አንድ ኪሎ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ደርሶ በረዶ ለመሆን የሚያጣው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ከሚጠፋው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ይህን በ300 አባዙት። ዙሪያውን ደግሞ ወፍራም ጎማ ሸፍኖታል። ከንጋት በፊት ለጥቂት ሰዓት ከዜሮ ሁለት ሦስት ዲግሪ ዝቅ ብሎ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ በሚወጣበት አገር ያ ሁሉ ውሃ በረዶ ሊሆን አይችልም። ጠዋት ባልዲ ላይ የምታዩት ስስ የበረዶ ሽፋን አያስፈራችሁ። ሥሩ ያለው ውሃ ውሃ ነው።

እንግዲህ ውሃው ወደ በረዶ የማይለወጥ ከሆነ ጨው፣ አንቲፍሪዝና ካልሺየም ክሎራይድ የሚያስፈልጉበት ዋና ምክንያት ወደቀ። የሚቀረው አንድ ክርክር ነው፦ ጨው ያለበት ውሃ ከተራ ውሃ ይከብዳል የሚለው። ልክ ነው፣ ይከብዳል። በስንት እንደሚከብድ ግን ጽሑፉ አላሰላም።

እኔ ላስላው። ጨው ሊሟሟ እስከሚችለው ድረስ የተሟሟበት ውሃ በሊትር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 300 ሊትር ሲሆን 360 ኪሎ ነው። ተራ ውሃ 300 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 60 ኪሎ ነው። ይህን 60 ኪሎ ለማግኘት ግን 95 ኪሎ ያህል ጨው ይገባል፤ የሟሟው ጨው የውሃውን ቦታ ስለሚሻማ። ለአንድ ጎማ አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጨው ተገዝቶ የሚገኘው ትርፍ የአንድ ሰው ክብደት ነው። ወዳጄ ሁለት ኩንታል ያሰበው ለዚህ ነበር።

ጨው ብረት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ቤተሰቤ በገንዘቡ ተምሮታል። አባቴ ያገለገለ ትራክተር ገዝቶ ነበር፤ ከማን እንደገዛ እዚህ አስፈላጊ አይደለም። ሁለት ዓመት ያህል በደህና አረስንበት። ከዚያ በሰኔ አጋማሽ፣ ስንዴ ሊዘራ መሬቱ በሚለሰልስበት ሳምንት፣ የግራው የኋላ ጎማ መተንፈስ ጀመረ። ጎሚስታው ቡሎኖቹን ፈትቶ ጎማውን ሲያወርድ ከውስጥ ቡናማ ውሃ ፈሰሰ። ጣቱን ነክሮ ቀመሰው። ጨው ነበር። እኛ ጎማው ውስጥ ፈሳሽ እንዳለ እንኳ አናውቅም ነበር። ካላማዳሪው በቫልቮላው ሥር ትንሽ ተበስቶ ጨዋማው ውሃ ወደ ቸርኬው ሲንጠባጠብ ኖሯል። ቸርኬውን በመዶሻ መታ ሲያደርገው መዶሻው ገባ። ብረቱ እንደ ቅጠል ሳስቶ ነበር። ሌላ ቸርኬ ተፈልጎ እስኪመጣ ስምንት ቀን ትራክተሩ ቆመ። አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ የጎረቤቶቹን ዘር ሲያይ የነበረበትን ፊት እስካሁን አልረሳሁም። ጨው መሙላት ቀላል ምክር ለሚመስለው ሰው ይህን ብቻ ነው የምነግረው።

ካልሺየም ክሎራይድም ብረት ላይ ያው ነው። ብርድ አገር ያሉ ገበሬዎች ራሳቸው ለብዙ ዓመታት የተማረሩበት ዝገት ነው። እነሱ የታገሱት በረዶው የባሰ ስለሆነባቸው ነው። እኛ የምንታገስበት ምክንያት የለንም።

አንቲፍሪዝ ላይ ጽሑፉ አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል አልጻፈም። ይህ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። አብዛኛው አንቲፍሪዝ የሚሠራው ኤትሊን ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል ነው። መርዝ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጣፋጭ መሆኑ ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ያህል፣ ሊገድል ይችላል። ኩላሊትን ያበላሻል። ውሻንና ጥጃንም ሊገድል ይችላል። አሁን የኛን ማሳ አስቡት። አጨዳ ሲያልቅ ከብት ቃርሚያ ላይ ይለቀቃል። እረኛው ልጅ ነው። ውሻው አብሮት አለ። አንድ የግራር እሾህ ወይም የብረት ስባሪ ጎማውን ቢበሳው 300 ሊትር ጣፋጭ መርዝ ቦይ ላይ ይተኛል። የተረፈው ደግሞ በጄሪካን ቤት ይቀመጣል፤ ጄሪካን በኛ ቤት ነገ ለምን እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። ለአንድ ራዲያተር የሚበቃውን ጥቂት ሊትር በጥንቃቄ መያዝ ይቻላል። በጎማ ሙሉ ወደ ማሳ ይዞ መግባት ግን፣ ያውም ለማያጋጥመን በረዶ ሲባል፣ ፈጽሞ አልቀበለውም።

የተቃጠለ ዘይት ጉዳይ አጭር ነው። ዘይት ከውሃ ይቀላል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። 300 ሊትር ውሃ 300 ኪሎ ሲሆን 300 ሊትር የሞተር ዘይት 265 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደት ፈልጎ ዘይት የሞላ ሰው ክብደት ቀንሷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ዘይት ጎማንና ካላማዳሪን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። ዘይት የጠጣ ላስቲክ ላይ ፓች አይይዝም፤ ማንኛውንም ጎሚስታ ጠይቁ። ሲፈስም መሬቱን ለዓመታት ያበላሻል። ዘይት ብረት እንደማያዝግ እውነት ነው፤ ግን ቸርኬን ለማዳን ጎማን ማጥፋት ምን ይጠቅማል?

ሞላሰሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከጽሑፉ ሐሳቦች ሁሉ የሚያጓጓው እሱ ነውና። በአሜሪካ ከስኳር ቀይ ሥር የሚገኝ ተረፈ ምርት ለጎማ ይሸጣል። በሊትር 1.3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ብረት አይበላም፣ ከብት ቢልሰውም አይሞትም። እውነት ነው። እኛም ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ የስኳር ፋብሪካዎች አሉን። ሞላሰሱም ከዚያ ምርት በላይ ይከብዳል፤ በሊትር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ግሩም ነው።

ግን ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም። ለጎማ የሚሸጠው ስኳሩ የወጣለትና ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ነው። የኛ ሞላሰስ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ስኳር ነው። መተሐራና ፊንጫ ከሞላሰስ ኤታኖል ያወጡ የነበረውም ለዚህ ነው። ሞላሰስ እንዳለ ወፍራም ስለሆነ በቫልቮላ ቀዳዳ ለማስገባት ጭንቅ ነው፤ ደጋ ላይ ደግሞ በብርድ ይበልጥ ይወፍራል። ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? በውሃ ያቀጥነዋል። ጠጅ የጣለ ሰው የሚቀጥለውን ያውቃል። ማር ብቻውን ዓመት ቢቀመጥ አይፈላም፤ ብርዝ ግን ቀናት ይበቁታል። የቀጠነ ሞላሰስም እንደዚያው ይፈላል። ሲፈላ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ ጎማው ውስጥ ተዘግቶ ግፊት ይጨምራል። ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣው ብረት ይበላል። አንድ ቀን አንድ ሰው ወይም ተቋም የኛን ሞላሰስ ለጎማ የሚሆን አድርጎ ቢያዘጋጀው ደስ ይለኛል። እስከዚያ ግን ሞላሰስ ለከብት መኖ ይሁን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ፤ ማንኛውም ትራክተር ክብደት ያስፈልገዋል ወደሚለው። ይህ ነጥብ ከፈሳሹ ምርጫ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጎማ ሲንሸራተት ሁልጊዜ ክብደት አንሶት አይደለም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይንሸራተታል። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ መሬቱን የሚነካው በጠባብ ቦታ ስለሆነ ይንሸራተታል። ከትራክተሩ ጉልበት በላይ የሆነ ማረሻ ሲጎትት ይንሸራተታል። እርጥብ መሬት ላይ ደግሞ ምንም ብትጭኑበት ይንሸራተታል።

አገራችን 12 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ጥቁር አፈር አላት። መረሬ የሚሉት አለ፣ ዋልካ የሚሉት አለ፣ ኮትቻ የሚሉት አለ። ይህ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውሃ በጠገበ መረሬ ላይ የሚንሸራተት ትራክተር 600 ኪሎ ሲጨመርበት ይበልጥ ይሰምጣል እንጂ አይወጣም። ከወጣም ከኋላው የተጠቀጠቀ መሬት ትቶ ነው። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያሰርግም፣ ሥርም አያሳልፍም። ጥልቀት ላይ የሚደርሰው ጥቅጠቃ ደግሞ በአንድ አክስል ጎማዎች በኩል መሬት ላይ ከሚያርፈው ጠቅላላ ክብደት ጋር ነው የሚያድገው። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት በዲስክ ማረሻ የሚታረስ መሬት ከሥሩ ጠንካራ ወለል ይሠራል፤ ክብደት ያንን ያባብሳል። ኪራይ ለሚያርስ ሰው ይህ አይታየው ይሆናል፣ ማሳው የሌላ ሰው ነው። ለባለ ማሳው ግን የሚቀጥለው ዓመት ምርት ነው።

ስለዚህ ከመሙላት በፊት መለካት። መሣሪያ አይፈልግም፤ ኖራ ወይም ቀለም፣ ሜትርና ሁለት ችካል ይበቃል። የኋላ ጎማው ጎን ላይ ምልክት አድርጉ። እዚያው ማሳ ላይ ማረሻውን አንስታችሁ ጎማው አሥር ዙር እስኪዞር ንዱና የሄደውን ርቀት ለኩ። 46 ሜትር ሆነ እንበል። አሁን ማረሻውን አውርዳችሁ በምታርሱበት ጥልቀትና ፍጥነት አሥር ዙር አስኪዱት። 40 ሜትር ሄደ እንበል። የጠፋው 6 ሜትር ነው፤ ከ46 ሲሰላ 13 በመቶ። ይህ ጥሩ ነው። ከ8 እስከ 15 በመቶ ባለው መካከል ያለ ትራክተር ክብደት አይፈልግም። 34 ሜትር ብቻ ከሄደ ግን 26 በመቶ ጠፍቷል፤ ናፍጣውና የጎማው ጥርስ በከንቱ እያለቀ ነው። ያኔ ክብደት አስቡ። 44 ሜትር ተኩል ከሄደ ደግሞ መንሸራተቱ 3 በመቶ ነው። ትራክተሩ ከመጠን በላይ ከብዷል፤ የመጎተቱ ጫና በጊርና በአክስሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ጎማ በጥቂቱ መንሸራተቱ እኮ ለማሽኑ መተንፈሻ ነው።

ሌላም መለኪያ አለ። ለእርሻ ሥራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት ከ45 እስከ 65 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት የተለመደ ነው። 75 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር በ50 ኪሎ ሒሳብ 3,750 ኪሎ ይመጣለታል። የትራክተራችሁ ክብደት መመሪያው ላይ ወይም የተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። አስቀድሞ የደረሰ ከሆነ ምኑን ትሞላላችሁ?

ጽሑፉ ስለ ፊት ጎማ ዝም ማለቱም ያሳስባል። የኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳው ትራክተር ከባድ ማረሻ አንስቶ ሲሄድ ፊቱ ይቀላል። መሪው አይታዘዝም። ዳገት ላይ ፊቱ ከመሬት ይነሳል። ከጠቅላላ ክብደቱ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ፊት ላይ መሆን አለበት። የኋላ ጎማ ውስጥ ያለ ውሃ ለዚህ ምንም አያግዝም። ለፊት ብረት ያስፈልጋል። ብረት ውድ ነው የተባለው ልክ ነው፤ ግን አጨዳው አልቆ ትራክተሩ ተሳቢ ይዞ አስፋልት ላይ ሲወጣ ብረት ይፈታል። ውሃ እንዲህ በቀላሉ አይወርድም።

ለክታችሁ ክብደት እንደሚያስፈልግ ካረጋገጣችሁ፣ ውሃ ሙሉ። ንጹሕ ውሃ። የስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ጨዋማ ናቸው፤ ምላስ ላይ የሚሰማ ጨው ካለ ተዉት። የዝናብ ውሃ ወይም ደለሉ የሰከነ የወንዝ ውሃ ይሻላል። ትራክተሩን በክሪክ አንሱት፣ ሥሩ በደንብ ይደገፍ። ቫልቮላው አናት ላይ እስኪሆን ጎማውን አዙሩ። የቫልቮላውን መርፌ አውጥታችሁ ከፍ ካለ በርሜል በቱቦ ልቀቁት፤ አየሩ እንዲወጣ በየመሐሉ ቱቦውን አንሱ። ውሃው በቫልቮላው መውጣት ሲጀምር ቁሙ። ያኔ ጎማው ሦስት አራተኛ ሞልቷል። ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር ጨምሩና ግፊቱን ለኩ፤ ስትለኩ ቫልቮላው አናት ላይ ይሁን። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ይሙሉ።

አፉ ድረስ ይሞላ የሚለውን ምክር ግን አትስሙ። የቀረው አንድ አራተኛ አየር የጎማው ትራስ ነው። ውሃ አይጨመቅም። ሙሉ በሙሉ ውሃ የሆነ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ምቱን የሚቀበለው አየር ሳይሆን የጎማው ክር ነው፤ ክሩ ይበጠሳል። ቀን በፀሐይ ሲሞቅም ውሃው የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ራዲያል ጎማ (ውስጡ ያለው ክር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ጎማ) ያላችሁ ደግሞ የጎማው አምራች ከዚያም ያነሰ ሊመክር ይችላል፤ እሱን ተከተሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው ያላነሱት ቢሆንም ሰው የሚሞትበት ስለሆነ ማለፍ አልፈለግኩም። ጎማ ያልወለቀለትን ቸርኬ በጭራሽ አታስበይዱ። ፈሳሽ ይኑረው አይኑረው፣ አየሩ ይተንፍስ አይተንፍስ፣ ከብየዳው ሙቀት ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ውሃ የሞላ ጎማ ደግሞ ከቸርኬው ጋር ከግማሽ ቶን ሊያልፍ ይችላል፤ ሲወርድ ዘንበል ካለ ሰው ይደፈጥጣል። ስለዚህ የሞላችሁ ቀን ቀለም ይዛችሁ ቸርኬው ላይ በትልቁ «ውሃ አለው» ብላችሁ ጻፉ፣ ሊትሩንም ጭምር። ነገ ትራክተሩን የሚገዛው ሰውና ቡሎኑን የሚፈታው ጎሚስታ ያንን ያንብቡ።